ብሩስ የደበቀው ሰው

ጀምስ ብሩስን ታሪክ የተማረ ሁሉ በስም ያውቀዋል። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊ ነው። እኔም ከዚህ በላይ አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሰው የራሱን ትውስታ ሲጽፍ ትንሽ ቢፈጥር ምን አለበት በሚል ክርክር ተነሳ። ግማሹ ተማሪ፣ ጽሑፉ እስካማረ ድረስ ችግር የለውም ባይ ነበር። እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩ፤ ምክንያቴን ኋላ እመለስበታለሁ። በክርክሩ መሐል መምህራችን የብሩስን ስም ጠቀሱ፤ እኔም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ሰውዬው ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ብሩስ በ1730 ኪኔርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ላይ ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ጸጉረ ቀይና ኩሩ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ፓሪስ ላይ ሞተችበት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም። በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጄርስ ገባ። እዚያ ሳለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። ይህን ስም ያዙልኝ።

ሁለቱ ሰሜን አፍሪካንና ሶርያን ዞረው፣ በግብፅ በኩል በ1769 ምጽዋ ደረሱ። በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገቡ። ዘመነ መሳፍንት እየጀመረ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቢቀመጡም አድራጊ ፈጣሪው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ የመኳንንቱን ልጆች አከመ፤ በዚህም የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናርና በኑብያ በረሃ በኩል፣ ከሞት ለጥቂት ተርፎ፣ አስዋን ገባ።

በ1774 ለንደን ሲደርስ ሊሰማው ያልተሻማ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን ነገሩ ሁሉ ሳቅ ሆነ። ያሳቃቸው የሥጋው ወሬ ነው። አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከሚነዷት ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳዋን መልሰው፣ ጭቃ ለጥፈውበት እንደገና ሲነዷት አየሁ ብሎ ነበር። እኔ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ከብት መሐል ነው ያደግኩት። ጥሬ ሥጋ አያስደንቀኝም፤ በቁሟ ካለች ላም መቁረጥ ግን እኔንም አስደንግጦኛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያልታረደ አይበላም። ይሁንና ሄንሪ ሳልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ናትናኤል ፒርስ ይህንኑ በዓይኑ እንዳየ መስክሯል። የለንደን ሰዎች ግን ይህን አልጠበቁም። የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ ስለ ሐበሻ ልዑልም ልብ ወለድ የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር፣ ብሩስ አገሩን መርገጡን ተጠራጥሯል። ጆንሰን ራሱ ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም!

ብሩስ አኩርፎ ርስቱ ላይ ከተተ። አንድ እንግዳ ሥጋ በጥሬው ሊበላ አይችልም ብሎ ቢከራከረው፣ ከማድ ቤት ጥሬ ሥጋ አምጥቶ ወይ ብላ ወይ እንዋጋ ብሎ አስበልቶታል ይባላል። ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ መጽሐፉን ጀመረ፤ ብዙውን በቃሉ እየተናገረ ነው ያስጻፈው። አምስቱ ቅጾች በ1790 ወጡ። በ1792 ደግሞ የውሸታሙን የባሮን ሙንቻውሰንን ጀብዱ የሚቀጥል መጽሐፍ ታትሞ፣ መታሰቢያነቱ ለማሾፍ ለብሩስ ተሰጠ። በ1794 አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ያን ሁሉ በረሃ ያለፈ ሰው።

እኔን ያስቆመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለ1805ቱ ሁለተኛ እትም አሌክሳንደር መሬይ የብሩስን ወረቀቶች ሲያገላብጥ የባሉጋኒን የጉዞ ማስታወሻ አገኘ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒን ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት ገድሎታል፤ በብዕር ማለቴ ነው። እውነቱ ግን ልጁ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ የሞተው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ላይ ነው። የዕፅዋቱም ሥዕሎች ብዙዎቹ የእሱ እጅ ናቸው፤ ብሩስ ግን የራሴ ናቸው ብሏል። ምንጩ ዳር ብቻውን መቆም ስለፈለገ ይመስለኛል። በዚህም አላበቃም፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት እዚያ መድረሱንም ሽንጡን ገትሮ ክዷል።

እንግዲህ አስቡት። አንባቢው ውሸት ሲያሳድድ የሥጋው ወሬ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ባሉጋኒ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ አለፈ። ሠዓሊ በሩቅ አገር ታሞ ቢሞት ማን ይጠራጠራል? አልሞትኩም፣ አብሬህ ነበርኩ ብሎ የሚሟገተው ደግሞ ጎንደር ተቀብሯል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የራሳችንን ገጠመኝ እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ ስለ ጨፋ ረግረግ ጻፍኩ፤ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ከሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ጋር ስላመሸሁበት ቀን። አፋርኛ አልችልም። ያስተረጎመልኝ ባቲ ገበያ ሲነግድ ቋንቋውን የለመደው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ድረስ የወሰደኝም እሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን የለም። ብቻዬን ስሆን ታሪኩ የበለጠ ያምር ነበር፤ መምህሩም ወደውት ለክፍሉ አነበቡት።

ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ኮርቼ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሰዎቹን በምን ቋንቋ እንዳነጋገርኳቸው እየሳቀ ጠየቀኝ። ለጽሑፉ ውበት ብዬ እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። ምንም አልመለሰልኝም፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝና ፍየሎቹን ሊያስገባ ወጣ።

ብሩስን ካነበብኩ በኋላ ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት፤ የአክስቴን ልጅ ከመጀመሪያው መስመር አስገብቼዋለሁ። ለመምህሩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማርኩ አልተቀየረም። ለእሱ ግን እስካሁን አላሳየሁትም።