ተማሪ የፈረደበት አስተማሪ፦ ዳኛቸው ወርቁ

ሴሚስተር ሲያልቅ ጊንጪ ትሞላለች። ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሱ ልጆች አስፋልቱ ዳር ቡና ይዘው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ኳስ እንዳይመስላችሁ። ስለ አስተማሪ ነው። በተለይ ስለ እንግሊዝኛና ስለ ራይቲንግ አስተማሪ። አንዱ ኤ ይበትናል ይባላል። አንዱ ጎበዝ ነው ግን ክፍል አይገባም ይባላል። አንዱ ደግሞ ወረቀትህን ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ ይመልስልሃል ይባላል። «ከባድ ነው» የተባለ ሰው ስሙ በቴሌግራም ይዞራል፤ ቀጣዩ ባች ገና ሳያየው ይፈራዋል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስላልገባሁ በዚህ ወሬ ላይ የምጨምረው የለኝም። ቡናዬን እየጠጣሁ እሰማለሁ። ስሰማ ግን ሁሌም የሚታወሰኝ አንድ አስተማሪ አለ። ክፍሉ ገብቼ አላውቅም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ሆኖም መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ይባላል። «ከባድ ነው» የሚለው ፍርድ እንደሱ የተጫነው የኢትዮጵያ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ዳኛቸው የተወለደው በ1928 ዓ.ም. ደብረ ሲና ነው። ዓመቷን ልብ በሉ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። የእኛው ሰው፣ አምቦ አካባቢ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የዚሁ ዓመት ልጅ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ አንዱ በስተ ሰሜን፣ ሁለቱም ገና አፍ ሳይፈቱ አገሩ በወራሪ እጅ ነበር። ሁለቱም ኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ። ጸጋዬ ወደ መድረክ ሄደ፤ ስሙን ያልሰማ የለም። ዳኛቸው ወደ ክፍል ገባ። የክፍል ሰው ስም ደግሞ እንደ መድረክ ሰው ስም አይጮህም።

ደብረ ሲናን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ በደሴ መንገድ ሄዳችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ከላይ ብርድ ነው፤ ከታች ሸዋ ሮቢት ድረስ ሙቀት ነው። ደገኛውና ቆለኛው፣ ነጋዴውና ባላገሩ እዚያ ይገናኛል። ስለዚህ ወሬ የሚሰማ ልጅ ብዙ ዓይነት አማርኛ ይሰማል። ዳኛቸውም ሰምቷል። የዚያ አገር አነጋገር፣ ተረቱ፣ ፉከራው፣ ለቅሶው ሳይቀር ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ኋላ በመጽሐፉ ወጣ።

ልጁ ተምሮ አዲስ አበባ ገባ። ከፍተኛ ትምህርት ያኔ ብርቅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አስተዳዳሪዎች ከካናዳ የመጡ የየሱሳውያን ማኅበር አባላት ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ያሰበውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ያልቻለ ተማሪ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከበሩ አያልፍም። ዛሬ ፍሬሽማን ኢንግሊሽ ሲከብዳችሁ ይቺን አስታውሱ፤ ችግሩ ከእናንተ አልጀመረም።

ዳኛቸው በዚያ በር አለፈ። ከዚያም በዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ሆነ። የያዘው ሥነ ጽሑፍንና ድርሰትን ነው። ድርሰት ማስተማር ከሌላው ትምህርት ይለያል። ሒሳብ ላይ ስሕተትህን ቁጥሩ ይነግርሃል። ድርሰት ላይ ግን አስተማሪው ራሱ ነው የሚነግርህ፤ የሚያርመውም ሒሳብህን ሳይሆን ሐሳብህን ነው። ተማሪ የጽሑፍ አስተማሪ ላይ ቂም የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል። ቀዩ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሳይሆን እሱን የነካው ይመስለዋል።

በ1962 ዓ.ም. ዳኛቸው በተራው ወረቀቱን አስረከበ። «አደፍርስ» ታተመ።

ታሪኩ ለዛሬው ወሬያችን በጣም ቅርብ ነው። አደፍርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በዚያን ጊዜ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ የሚያገለግልበት ደንብ ነበር፤ አብዛኛው የሚላከው ለማስተማር ነው። አደፍርስም ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ይሄዳል። የከተማ ትምህርት ይዞ ባላገር መሀል ይገባል። ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ የለመዱትን ነገር ለምን ይላል። ወይዘሮ አሰጋሽን የመሰሉ የቀድሞው ሥርዓት ሰዎች አሉ፤ ሃይማኖተኛው አለ፤ ጭሰኛው አለ፤ ፍቅር የያዛቸው ወጣቶች አሉ። ሁሉም ወጣቱን ይመዝኑታል። በሌላ አነጋገር መጽሐፉ በከፊል ሰዎች ስለ አንድ አስተማሪ ምን እንደሚሉ የሚናገር መጽሐፍ ነው።

ስሙም በከንቱ አልወጣም። አደፍርስ ማለት የረጋውን ውኃ በጥብጥ ማለት ነው። አባቶቻችን ሳይደፈርስ አይጠራም ይላሉ። ደራሲው የረጋውን የሸዋ ባላገር ኑሮ በአንድ ወጣት እጅ ሲበጠብጠው ጥራቱ ወዲያው እንደማይመጣ ያውቃል።

መጽሐፉ ሲወጣ ምን ተባለ? ከባድ ነው ተባለ።

እንዲህ ያለው ማን ነበር ካላችሁ፣ በዚያ ዘመን የአማርኛ ልቦለድ የሚያነበው ማን እንደነበር አስቡ። ማንበብና መጻፍ የሚችለው የአገሬው ሕዝብ በጣም ጥቂት ነው። አንባቢው በብዛት ተማሪ፣ አስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የአንባቢ ፍርድ ማለት ግማሹ የተማሪ ፍርድ ማለት ነው። ያ አንባቢ የለመደው ታሪኩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ ምክር ያለው ልቦለድ ነው። «አደፍርስ» ግን ንግግር ላይ ንግግር ነው። ሰው ሁሉ በራሱ አንደበት ያወራል፤ ባላገሩ በባላገር አማርኛ፣ ቄሱ በቄስ አማርኛ፣ ተማሪው በተማሪ አማርኛ። ደራሲው መጥቶ ይሄኛው ልክ ነው፣ ያኛው ተሳስቷል አይልም። አንባቢው ራሱ መፍረድ አለበት። መፍረድ ደግሞ ያደክማል።

ጊዜውም አላገዘውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው መሬት ለአራሹ ብሎ አደባባይ ከወጣ ወዲህ ካምፓሱ በፖለቲካ ይነድ ነበር። ብዙ ተማሪ ከደራሲ የሚፈልገው መፈክር ነው፤ ከማን ጋር እንደቆመ በግልጽ እንዲናገር ነው። ዳኛቸው የሰጣቸው ግን ራሳቸውን የሚያዩበት መስታወት ነው፤ ብዙ የሚያወራ፣ ሕዝቡን የሚወድ፣ ሕዝቡን ግን ገና በደንብ ያላወቀ ተማሪ። መስታወቱን ያቀረበላቸው ደግሞ የራሳቸው አስተማሪ ነው። ማን ይወደዋል?

ዳኛቸው ወደ አሜሪካ፣ አይዋ ዩኒቨርሲቲም ሄዶ ድርሰት ተምሯል። የአይዋ የደራስያን ትምህርት ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ዳኛቸው በተወለደበት ዓመት መሆኑ ገጠመኝ ነው። የእዚያ ቤት ዘዴ ለእኛ አገር ተማሪ እንግዳ ነው። ተማሪው የጻፈውን ለክፍል ጓደኞቹ ይሰጣል። እነሱ አንብበው ይመጡና እፊቱ ያብጠለጥሉታል። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት መልስ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይሰማል። እኛ አገር ተማሪው የአስተማሪን ፍርድ ይፈራል። እዚያ የሚፈራው የጓደኛን ፍርድ ነው። አስተማሪ የነበረ ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝኛ ልቦለዱ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ለንደን ውስጥ በሄይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ታተመ። ቺኑዋ አቼቤና ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የታተሙበት ተከታታይ ነው። ከኢትዮጵያ ቀደም ብሎ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» እዚያ ወጥቶ ነበር። የዳኛቸው መጽሐፍ የታመሙ ፊታውራሪ፣ ልጃቸው ጎይቶምና የልጁ እኅት ወይኒቱ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ስለሚያደርጉት ጉዞ ነው። አሥራ ሦስት የፀሐይ ወር የምንለውን የቱሪስት ማስታወቂያ ያስታውሰናል፤ ውስጡ ግን የሚያምር ፎቶ የለም። በሽታ አለ፣ ድህነት አለ፣ እየሞተ ያለ ሥርዓት አለ። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ።

አያችሁ፣ ይሄ ሰው በሁለት ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። በአማርኛ ሲጽፍ ከባድ ነው አሉት። በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ደግሞ ስለ እነሱ የተጻፈላቸው የዝቋላ ተሳላሚዎች ሊያነቡት አልቻሉም። በ1967 ዓ.ም. «እምቧ በሉ ሰዎች» የተባለ የግጥም መጽሐፍ አወጣ። መጻፉን አልተወም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለጸሐፊ አስፈሪ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ በዓሉ ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጻፍ ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ዳኛቸው ልቦለድ ሳይሆን የማስተማሪያ መጽሐፍ አወጣ፦ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»።

እኔ ይቺን ነገር ነው ደጋግሜ የማስባት። አትነበብም፣ ከባድ ነህ የተባለ ደራሲ ተቀምጦ፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚደራጅ፣ አንቀጽ እንዴት እንደሚገነባ፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚያዝ ለማያውቀው ሰው በአማርኛ አስረዳ። ኩርፊያ ቢሆን ኖሮ መልሱ ዝምታ ነበር። እሱ ግን የመለሰው እንደ አስተማሪ ነው፤ ካልገባችሁ ከመጀመሪያው እንጀምር አለ። በክፍሉ ያልተቀመጠውም ሰው ተማሪው እንዲሆን በሩን ከፈተ።

በዚያ በር ከገቡት አንዱ እኔ ነኝ። መጽሐፉ መጀመሪያ የደረሰኝ በፎቶ ኮፒ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ጠቁሮ አይነበብም ነበር። ዲግሪ የለኝም፤ ወረቀቴን በቀይ የሚያርምልኝም አልነበረም። የጻፍኩትን ይዤ መጽሐፉን እገልጣለሁ፤ ከዚያ ራሴ አርማለሁ። ስለዚህ ስለ ዳኛቸው የተማሪ አስተያየት ስጥ ብባል፣ አዎ ከባድ ነው እላለሁ። ግን አይጥልም።

የዓለምን ልምድ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ስትራንክ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ለተማሪዎቹ ብሎ ትንሽ የአጻጻፍ መመሪያ በራሱ አሳተመ። የማያስፈልግ ቃል ቁረጡ እያለ ሲወተውት ኖሮ በ1946 ሞተ። ከ11 ዓመት በኋላ የቀድሞ ተማሪው ኢ.ቢ. ዋይት፣ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር ጸሐፊ የነበረው፣ ስለዚያ አስተማሪ በኒው ዮርከር መጽሔት ጻፈ። በ1959 መጽሐፉ በዋይት ተዘጋጅቶ እንደገና ወጣና በሚሊዮኖች ተሸጠ። ስትራንክ ይህን ሁሉ አላየም። የተማሪው አስተያየት የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ዳኛቸውም አላየም። በ1987 ዓ.ም. በ59 ዓመቱ ገደማ አረፈ። ከሞተ በኋላ ግን የደፈረሰው መጥራት ጀመረ። «አደፍርስ» ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥናት የሚሠራበት መጽሐፍ ነው። ምርጥ የአማርኛ ልቦለዶች ሲቆጠሩ ስሙ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር ይነሣል። ያኔ እንደ ጉድለት የተቆጠረበት ነገር፣ ሰው ሁሉ በራሱ አንደበት ማውራቱ፣ ዛሬ የሚመሰገንበት ዋና ነገር ሆነ። መጽሐፉ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው አንባቢው ነው።

ይህን ስል ከባድ አስተማሪ ሁሉ ዳኛቸው ነው ማለቴ አይደለም። ክፍል የማይገባ አለ፣ ተማሪ የሚያዋርድ አለ፣ ራሱ ያልገባውን የሚያከብድም አለ። ስለነሱ ዝም አትበሉ። የመምህር መገመገሚያ ቅጽ ሲሰጣችሁም በግዴለሽነት አትሙሉት። ግን አንድ ልዩነት አለ። አንዱ የሚከብደው ስለማይሠራ ነው። ሌላው የሚከብደው ከእናንተ ብዙ ስለሚጠብቅ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የሚለዩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ማመልከቻ ወይም ደብዳቤ ልትጽፉ ተቀምጣችሁ፣ ያ በቀይ የተሞላ ወረቀት ትዝ ሲላችሁ።

እናንተስ፣ ያኔ ጠልታችሁት ዛሬ የምታመሰግኑት የእንግሊዝኛ ወይም የድርሰት አስተማሪ አላችሁ? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። ዳኛቸው እንዲህ ያለ ስልክ ይገባው ነበር።