ከምድር ባቡር ግድግዳ እስከ ቲሸርት
(የኪዝ ሃሪንግ አጭር ሕይወት)

ስዕሉን ሳያዩት አይቀሩም። በእጅና በጉልበቱ የሚድህ ሕፃን ነው። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፤ ዙሪያውን የፀሐይ ጨረር የመሰሉ አጫጭር መስመሮች ከበውታል። ወይም አፉን ከፍቶ የሚጮህ፣ ጭንቅላቱ እንደ ሳጥን ማዕዘን ያወጣ ውሻ ነው። አንድም ቀን ቲሸርት ላይ፣ ኮፍያ ላይ ወይም የልጆች ቦርሳ ላይ አጋጥሞዎት ይሆናል። ሰዓሊው ማን እንደሆነ ግን ለባሹን ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ መልሱ ትከሻን መነቅነቅ ነው።

ሰዓሊው ኪዝ ሃሪንግ ይባላል። አሜሪካዊ ነው። ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሲሞት ደግሞ ዕድሜው 31 ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ግንቦት 4 ቀን 1958 በፔንሲልቬንያ ግዛት ሬዲንግ በምትባል ከተማ ሲሆን ያደገው እዚያው አካባቢ በምትገኘው ኩትስታውን ነው። ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ሦስት ታናናሽ እህቶች አሉት። አባቱ በሙያቸው ከቴክኒክ ሥራ ጋር የተያያዙ ቢሆኑም ከሥራ መልስ ካርቱን መሳል የሚወዱ ሰው ነበሩና ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው መስመር ማስመር አስተማሩት። የዋልት ዲዝኒ ፊልሞችና የዶክተር ሱስ የልጆች መጻሕፍት ደግሞ ቀሪውን ሠሩ። ከዚያ በኋላ የሳለው ሁሉ፣ ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ሸራ ሳይቀር፣ ከዚያች የልጅነት ካርቱን ብዙም አልራቀም።

ሁለተኛ ደረጃን በ1976 ሲጨርስ ፒትስበርግ ወደሚገኝ የንግድ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። ለማስታወቂያ፣ ለካርቶንና ለመጽሔት የሚሳል ሥዕል የሚማሩበት፣ እንጀራ ያበላል የሚባል ሙያ ነው። ልጁ ግን አልወደደውም፤ አቋርጦ ወጣ። ከዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ሊፍት እየለመነ አሜሪካን አቋረጠ። የመንገድ ወጪውን የሸፈነው እንዴት እንደሆነ ልብ ይበሉ። በእጁ ያተማቸውን ቲሸርቶች እየሸጠ ነው። አንዳንዶቹ ግሬትፉል ዴድ የተባለውን የሮክ ባንድ የሚያወድሱ፣ ሌሎቹ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን የሚቃወሙ ነበሩ። እንግዲህ ከጋለሪ በፊት፣ ከዝና በፊት፣ ቲሸርት ነበረ ማለት ነው። በኋላ ዝነኛ ሲሆን ሥዕሉን ወደ ገበያ አወረደው ብለው የወቀሱት ሰዎች ይህችን የሕይወቱን ገጽ አላነበቧትም፤ ወይም አንብበው ዘለሏት።

በ1978 ኒው ዮርክ ገብቶ ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ኒው ዮርክ ያኔ ከተማዋ የከሰረች፣ የምድር ውስጥ ባቡሮቿ ከውስጥም ከውጭም በግራፊቲ የተሸፈኑባት ነበረች። በ1980 ሃሪንግ አንድ ነገር አየ። ጣቢያዎቹ ውስጥ የኪራይ ጊዜው ያለቀ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሌላ ተከራይ እስኪመጣ ድረስ በጥቁር ወረቀት ይሸፈናል። ወረቀቱ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ባዶ ነው። ሃሪንግ ወጥቶ ነጭ ጠመኔ ገዛና ተመልሶ ሳለበት። በቃ፣ እስከ 1985 ድረስ አላቆመም። በአንድ ቀን እስከ 40 ሥዕል የሠራበት ጊዜ ነበር። ፖሊስ ብዙ ጊዜ ይዞታል፤ ቅጣትም ከፍሏል።

ታዲያ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የቲሸርቱ ምስጢር ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት መጨረስ አለብህ። ጠመኔው በጥቁሩ ወረቀት ላይ አንዴ ካረፈ አጥፍቶ እንደገና መሳል አይመችም። ጥላ ማጥላት፣ ቀለም ማደባለቅ የለም። ስለዚህ እጁ አንድ ወጥ ውፍረት ያለው፣ የማያመነታ፣ ከጀመረ እስኪዘጋ የማይቋረጥ መስመር ለመደ። መንገደኛውም በሩጫ ላይ ነውና ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ዕይታ መረዳት ነበረበት።

አሁን ወደ ቲሸርት ማተሚያው እንሂድ። የሲልክ ስክሪን ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፍሬም ላይ ቀጭን መረብ የመሰለ ጨርቅ ይወጠራል። ቀለም እንዲያልፍ የማይፈለግበት ቦታ ይደፈናል፤ ክፍቱ ቦታ ሥዕሉ ነው። ቀለሙ ከላይ ይፈስና በላስቲክ ሲገፋ በክፍቱ በኩል አልፎ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ፍሬም ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ሥዕሉ ይበላሻል። ቀለም በበዛ፣ ጥላ በበዛ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። የሃሪንግ መስመር ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ፍሬም፣ አንድ ቀለም፣ ወፍራም መስመር። ከሩቅ ይነበባል፤ መቶ ጊዜ ቢታጠብም ሕፃኑ ሕፃን ነው።

ጉዱ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ለማተም የቀለለ ለመስረቅም ይቀላል። ሃሪንግ በ1982 ቶኒ ሻፍራዚ ጋለሪ ውስጥ ትልቅ ትርዒት ካሳየ በኋላ ስሙ ገነነ፤ ስሙ ሲገንን ፎርጅዱም ገነነ። ሕፃኑና ውሻው ያለ ፈቃዱ በየቲሸርቱ ላይ፣ በውጭ አገራት ጭምር ይታተሙ ጀመር። ባቡር ጣቢያ ውስጥ በነፃ የሰጠው ሥዕል ደግሞ ከሰሌዳው እየተገነጠለ ይሸጥ ገባ። ከጠመኔ ሥራው የወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለመንገደኛ የተሰጠው ስጦታ የነጋዴ ዕቃ ሆነበት።

በዚህ መሃል ልብስ ሠሪዎችም ፈላጊዎቹ ሆነው ነበር። የለንደኗ ቪቪየን ዌስትውድ በ1983 ባቀረበችው የልብስ ስብስብ የሃሪንግን ምስሎች ጨርቅ ላይ አዋለች። ዊሊ ስሚዝ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዲዛይነር ደግሞ ዊሊዌር በሚባለው የራሱ የልብስ ስም በ1984 የሰዓሊዎች ቲሸርት ሲያወጣ ሃሪንግ አንዱ ነበር። (ዊሊ ስሚዝም በ1987 በ39 ዓመቱ አረፈ፤ የገደለውም በኋላ ሃሪንግን የገደለው ያው በሽታ ነው።) ማዶና ሃሪንግ የሳለበትን ጃኬት ለብሳ ዘፍናለች።

ሐምሌ 13 ቀን 1985 እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ሆነ። በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች ሕዝባችንን የጨረሰው የ1977ቱ ድርቅ (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ዓለምን አስደንግጦ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ለንደንና ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቀን ተካሄደ። ከዘፋኞቹ ብዙዎቹን እናስታውሳቸዋለን። በፊላደልፊያው ስታዲየም ከሙዚቃው ጎን ቆሞ ይስል የነበረውን ባለ መነጽር ወጣት ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ሃሪንግ ነበር። እዚያው የሳለው ሥዕል ለረሃቡ ርዳታ ገቢ ይሆን ዘንድ ለጨረታ ተሰጠ።

ሚያዝያ 1986 ሃሪንግ በኒው ዮርክ ላፋዬት ጎዳና ቁጥር 292 ላይ ፖፕ ሾፕ የሚል ሱቅ ከፈተ። ግድግዳውን፣ ወለሉንና ጣሪያውን በሙሉ በነጭ ላይ በጥቁር መስመር ራሱ ሳለው። ቲሸርት፣ ባጅ፣ ፖስተር፣ ማግኔት ይሸጥበታል። ፎርጅዱ ቲሸርት በየቦታው ካለ፣ እውነተኛውን ባለቤቱ በደህና ጥራትና በተራ ሰው ዋጋ ለምን አይሸጥም? ሐሳቡ ይኸው ነበር። በሸራ ሥዕሉ ዋጋ አጠገቡ የማይደርስ ልጅ ኪሱ ውስጥ ባለው ብር የሃሪንግን ሥራ ይዞ መውጣት ይችላል።

የጥበቡ ዓለም ተቆጣ። ሰዓሊ ባለሱቅ ሆነ፣ ራሱን ሸጠ ተባለ። የጋለሪ ነጋዴዎችም ምስሉ በየቲሸርቱ ከታየ የሸራው ዋጋ ይወርዳል ብለው ፈሩ። ከታላላቆቹ መሃል ሐሳቡን በሙሉ ልብ የደገፈው አንዲ ዋርሆል ነው። በእኔ ግምት ተቺዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሃሪንግ ለስዋች የእጅ ሰዓት ሠርቷል፣ ለአብሶሉት ቮድካ ማስታወቂያም ስሏል። ያውም የቮድካው ማስታወቂያና በምሥራቅ ሃርለም ግድግዳ ላይ የሳለው ዝነኛው የፀረ ክራክ ሥዕል የአንድ ዓመት፣ የ1986 ሥራዎች ናቸው። ያንን የግድግዳ ሥዕል የሳለው ረዳቱ በዕፁ ሱስ ሲሰቃይ አይቶ፣ ያለ ማንም ፈቃድ ነው፤ ተቀጣበትም፤ ኋላ ግን ከተማዋ ራሷ እንደገና እንዲስለው ጠየቀችው። ሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ እጁ ቮድካ በሌላው ምክር።

ሱቁን ከተራ ንግድ የሚለየው ግን ቲሸርቱ ላይ የሚጻፈው ነገር ነው። በ1985 የሠራው፣ ግዙፉ ጥቁር ሰው አንገቱን በገመድ የያዘውን ትንሹን ነጭ ሰው ሲረግጥ የሚያሳየው የነፃዪቱ ደቡብ አፍሪካ ሥዕል በፖስተር 20,000 ቅጂ ታትሞ በኒው ዮርክ ተበትኗል፤ በቲሸርትና በባጅም ወጥቷል። ፖስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቲሸርት ግን በእግሩ ይሄዳል፤ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ትምህርት ቤት ይገባል።

በ1988 ቶኪዮ ውስጥም ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ብዙ አልቆየም። ገበያው አስቀድሞ በፎርጅድ ሃሪንግ ተጥለቅልቆ ስለነበር እውነተኛው ሃሪንግ ሲመጣ ቦታ አጣ።

በዚያው ዓመት ሃሪንግ ኤድስ እንዳለበት በምርመራ ታወቀ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ደብቆ አያውቅም፤ በሽታውንም አልደበቀም። በ1989 በመጽሔት ላይ በግልጽ ተናገረ። ያኔ የበሽታው ስም በሹክሹክታ የሚጠራበት፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሰው ከሥራውና ከቤቱ የሚባረርበት ዘመን ነበር። እኛም ዘንድ ገና የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁበት ወቅት ነው። ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፉን የሸፈኑ ሦስት ሰዎችን ሥሎ፣ አለማወቅ ፍርሃት ነው ዝምታም ሞት ነው የሚል መልእክት ያለው ፖስተር አወጣ። ጊዜው እንዳጠረ ስለገባው ይመስላል እጁ አላረፈም። በዚያው ዓመት ሰኔ ጣሊያን ፒዛ ውስጥ 180 ካሬ ሜትር የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ግድግዳ ሞላ። በስሙ የሚጠራውን ፋውንዴሽንም ያቋቋመው በ1989 ነው። ድርጅቱ የሥዕሎቹን የቅጂ መብት ይዞ፣ ገቢው ለኤድስ ሥራና ለልጆች እንዲውል ነው።

የካቲት 16 ቀን 1990 አረፈ።

ሱቁ ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ 15 ዓመት ኖረ። በ1994 በዚያው ላፋዬት ጎዳና፣ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ቁጥር 274 ላይ፣ ሱፕሪም የሚባል የስኬትቦርድ ልጆች የልብስ ሱቅ ተከፈተ፤ ቀይ ሳጥን ውስጥ ነጭ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርቱ ዓለምን አዳረሰ። በ2020 ስሙ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊሸጥ ስምምነት ተደረገበት። በራሱ ቲሸርት የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰዓሊም ከሃሪንግ በኋላ ብርቅ አልሆነም። የእሱ ሸራዎች ዋጋም እንደተፈራው አልወረደም። አንዱ በ2017 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

ጨረሩን የለበሰው ሕፃን ዛሬም በፈቃድ ይታተማል፤ ዩኒክሎን የመሳሰሉ ትልልቅ ልብስ ሻጮች ለፋውንዴሽኑ ከፍለው ይሸጡታል። ያለ ፈቃድ የሚታተመውም እንደ ድሮው አለ። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ መስመሩ ያው መስመር ነው። ልዩነቱ የአንደኛው ገንዘብ በከፊል ወደ ኤድስ ሕሙማንና ወደ ልጆች መሄዱ፣ የሌላኛው አለመሄዱ ነው።

ፖፕ ሾፕ በ2005 ተዘጋ። ሃሪንግ የሳለው ጣሪያ ግን አልተጣለም። ተነቅሎ ተቀምጦ ቆይቶ በ2011 በኒው ዮርክ የታሪክ ማኅበር ሙዚየም መግቢያ፣ ጎብኚዎች ቲኬት ከሚቆርጡበት ቦታ በላይ ተሰቀለ።