ዐፄ ቴዎድሮስና የጣና ዳር ወረርሽኝ

በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለዱት ካሳ ኃይሉ፣ መሳፍንቱን በየተራ ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ለእጅ ሥራ ጥበብ ከፍ ያለ ፍቅር ነበራቸው። በጋፋት መድፍ አሠርተዋል፤ ድንጋይ በገዛ እጃቸው እያነሡ መንገድ አስጠርገዋል። በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሰፍረው ሳሉም፣ የእንፋሎት መርከብን ነገር ሰምተው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር የተገጠመላቸው ታላላቅ ታንኳዎች በጣና ላይ ሞክረዋል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግን፣ ከዛሬዋ ባሕር ዳር በስተሰሜን በሚገኘው በዚሁ ልሳነ ምድር፣ በሠራዊቱ መካከል ኮሌራ ገባ። ይህም በ1857 ዓ.ም. በመካ የሐጅ ተጓዦችን ፈጅቶ በቀይ ባሕር ዙሪያ የተዛመተው ወረርሽኝ ክፍል ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ከሚጠጣበት ዳርቻ አጠገብ በሚጸዳዳበት ሰፈር ኮሌራ መተላለፊያ አያጣም። በቆራጣም ብዙ ሕዝብ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ይዘውት የነበረውን ሐኪም ሄንሪ ብላንክን አማክረው፣ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጡ።

ያን ጊዜ የበሽታው ምክንያት በሐኪሞች ዘንድ ገና አከራካሪ ነበር። ጣሊያናዊው ፓቺኒ እ.ኤ.አ. በ1854 በማይክሮስኮፕ ያየውን ረቂቅ ሕዋስ ሰሚ አላገኘለትም፤ የጀርመኑ ሮበርት ኮኽ ለይቶ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ከዚያ ወዲህ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች በሴረም እየፈተኑ ባክቴሪያውን በየዓይነቱ ከፋፈሉት፤ ኦ-1 የተባለው ምድብ ኦጋዋና ኢናባ ተብሎ ሲለይ፣ በጠባዩ ደግሞ ክላሲካልና ኤልቶር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢትዮጵያ የገባው ኮሌራ ኤልቶር መሆኑ ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ የተነሣው ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ ክፍል መሆኑ ተረጋገጠ። ዓይነቱን መለየት የበሽታውን መነሻና መንገድ ያሳያል፤ መንገዱን የሚዘጋው ግን ንጹሕ ውሃና በአግባቡ የተሠራ መጸዳጃ ነው። በ1858 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረላቸው ዘዴ ሰፈር መልቀቅ ብቻ ነበር።

በሽታ፣ ዐመፅና ክዳት ሠራዊታቸውን አመነመኑት። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ገደሉን እየቈረጡ መቅደላ ያደረሱት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ።