የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት በዋና ጸሐፊነት ዘመን ጽሑፎቻቸው ሲታይ

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ሲነሣ ብዙዎች አስቀድመው የሚያስታውሱት አሟሟታቸውን ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አልታዩም። የሰማዕትነታቸው ታሪክ በተደጋጋሚ ሲነገር፣ ለ13 ዓመታት ያህል በዋና ጸሐፊነት ወንበር ላይ ሆነው ያዘጋጇቸው ደብዳቤዎች፣ ማስታወሻዎችና የጉባኤ ጽሑፎች በጥላው ሥር ቀርተዋል። ይህ ጽሑፍ ጽሑፎቹን በጊዜ ቅደም ተከተላቸው በማየት፣ የመጨረሻው ውሳኔያቸው ከቀደመው አስተዳደራዊ ሥራቸው ጋር ያለውን ዝምድና ለማሳየት ይሞክራል።

ጉዲና ቱምሳ ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠሩ። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያሳለፉት ይህ ጊዜ ኋላ ላይ ስለ ሰው ምንነት ከጻፉት ሐሳብ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር 1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ ስትመሠረት እርሳቸው ማዕረገ ቅስና ከተቀበሉ ብዙም አልቆዩም ነበር። ቀጥሎም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተራን ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ተምረው በ1958 ዓ.ም. ተመለሱ። በዚያው ዓመት አቶ አማኑኤል አብርሃም በፕሬዚዳንትነት ይመሯት በነበረችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

የዋና ጸሐፊው ዕለታዊ ሥራ በአመዛኙ ከበጀት ጋር የተያያዘ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በፍጥነት ታድግ ነበር፤ ወንጌላውያንን ለማሠልጠንና ማኅበረ ምእመናንን ለመደገፍ ግን ገንዘብ ያንሳት ነበር። በአንጻሩ የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ የሚሰጡትን ለስብከተ ወንጌል በዚያው ልክ ለመስጠት ፈቃደኞች አልነበሩም። ከዚህ ችግር የተነሣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ስላላቸው ዝምድና የሚያትት ደብዳቤ ላከች። የደብዳቤው ዋና ሐሳብ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከፍሎ መርዳት ከምዕራቡ ዓለም የመጣ አስተሳሰብ መሆኑንና ለአፍሪካዊ የሕይወት ግንዛቤ ባዕድ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ደብዳቤው በአመራሩ ስም የወጣና የሌሎችም እጅ ያለበት በመሆኑ የአንድ ሰው ድርሰት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ይሁን እንጂ የዋና ጸሐፊው አስተሳሰብ በጉልህ ይታይበታል። ክርክሩ ከጄኔቫ አልፎ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በናይሮቢ ለተካሄደ ዓለም አቀፍ ምክክር ምክንያት ሆኗል።

አብዮቱ ሲፈነዳ የጽሑፎቹ ርእሰ ጉዳይ ሰፋ። ቄስ ጉዲና ለአቶ አማኑኤል ባቀረቡት ማስታወሻ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ስለሚኖራት ቦታና በገንዘብ ራሷን ስለ መቻሏ ውይይትና ውሳኔ ጠይቀዋል። በዚያው ሰሞን የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የሚመጣ ገንዘብና ሚሲዮናዊ ለጊዜው ይቁም በሚል ሐሳብ ይከራከሩ ነበር። ቄስ ጉዲና ራስን መቻል አስፈላጊ መሆኑን አምነው፣ ራስን መቻል ከዓለም አቀፉ የክርስቲያኖች ኅብረት መለየት ማለት እንዳልሆነ አስረድተዋል። በ1964ቱ ደብዳቤ ለጋሾች የቤተ ክርስቲያኒቱን ተልእኮ እንዳይወስኑላት እንደተሟገቱ ሁሉ፣ አሁን ጥያቄው መንግሥት ይወስንላት ወይ የሚል ሆነ።

መልሱ እየከበደ ሄደ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ቄስ ጉዲና በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ትብብር የተቋቋመውን ምክር ቤት በሊቀመንበርነት መሩ፤ ከመጨረሻው አፈና በፊትም ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው አልተቀበሉትም። በ1971 ዓ.ም. አንድ ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ የጻፉት ጽሑፍ የዚህን ውሳኔ መሠረት ያሳያል። ክርስቲያን ለአገሩ ታማኝ ዜጋ ነው፤ የመጨረሻ ታማኝነቱን ግን ለርዕዮተ ዓለም አይሰጥም፤ ደቀ መዝሙርነትም ዋጋ ያስከፍላል። ሰውን በሙሉነቱ ማገልገል አለብን ብለው ለዓመታት ለጻፉ መሪ፣ የሚያገለግሉትን ሕዝብ በመከራው ሰዓት ትቶ መሄድ ከገዛ ጽሑፋቸው ጋር የሚጋጭ ይሆን ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው አሥር ዓመት ያህል በእስር አሳለፉ። በ1974 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ሕንፃ በመንግሥት ተወሰደ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በክብርም እንደገና ተቀበረ። ዋና ዋና ጽሑፎቻቸው ደግሞ በስማቸው በተቋቋመው ፋውንዴሽን አማካይነት ተሰብስበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ታተሙ።

ጽሑፎቹ በአንድነት ሲነበቡ፣ በ1964 ዓ.ም. ለጋሾችን የተሟገተው ብዕርና በ1971 ዓ.ም. ስደትን ያልተቀበለው ሰው አንድ መሆናቸው ይገለጣል። ስለዚህ የቄስ ጉዲናን ሞት ለመረዳት ከዚያች የሐምሌ ምሽት ይልቅ ከበጀት ክርክሩ መጀመር የተሻለ መንገድ ነው።