የእቴጌ ጣይቱ የዘር ሐረግ

ከቀበና ሆነን ቀና ስንል እንጦጦ ይታየናል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1910 ዓ.ም. ያረፉት በዚያ ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሩ በመሆናቸው የሰፈራችን ሰው ይመስሉናል፤ ሐረጋቸው ግን ከሰሜን ይመዘዛል። አባታቸው ራስ ብጡል የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ውቤ በ1847 ዓ.ም. ድል በሆኑ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነበር። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅም የቴዎድሮስ ባለቤት ሆኑ፤ ዓለማየሁን ወለዱ። ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ያ ሕፃን የእቴጌ ጣይቱ የአጎት ልጅ ልጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እቴጌይቱ በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው ምኒልክም በልጅነታቸው የቴዎድሮስ እስረኛ ነበሩ። የእቴጌይቱ ዐፅም ኋላ ከእንጦጦ ወርዶ በበዓታ ከምኒልክ ጋር ዐርፏል፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ የሞተው ዓለማየሁ ግን ዛሬም በዊንድዘር ነው።