ኃይልን በልክ ማዋል፦ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

በሥነ ልቡና ክፍለ ትምህርታችን ስለ ፍላጎትና ስለ ድካም ብዙ ተምረናል። ይህንኑ ትምህርት በእግሩ ያስተማረ ሰው ግን አለን፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አድጎ አዲስ አበባ መጣና በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውም እዚያው ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁላችንም የምናወራው ባዶ እግሩን መሮጡን ነው። ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሯሯጡ ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ኃይሉን ቆጠበ፤ መጨረሻው ሲቃረብ ብቻ ጥሎት ሄደ። በዚያን ጊዜ ሮም የነበረው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት፣ የማፈትለኪያ ምልክታቸው እንደ ነበረ ይነገራል። ረጅሙን መንገድ በምልክት መከፋፈልና ጉልበትን ለሰዓቱ ማቆየት የስፖርት ሥነ ልቡና ዋና ትምህርት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ አላሸነፈም። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ። በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ40 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። እንደ ገባም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ። ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። ማቆም ሲገባ ማቆምም ዕውቀት ነው እኮ!

በዚያው ዓመት በመጋቢት የመኪና አደጋ ደረሰበትና መራመድ ተሳነው። ሮጦ ስሙን ያስጠራ ሰው እግሩን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ቆየ፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታች ተወዳደረ። የሚይዘው ነገር ተለወጠ እንጂ መሥራቱን አልተወም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ጓደኞቼ፣ ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል፣ የማያልቅ እርማትና ሩቅ ቀበሌ ይጠብቁናል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ጉልበቱን ሁሉ ጨርሶ በሁለተኛው ዓመት ሙያውን ጥሎ የሚሄድ መምህር ለልጆቹ ምን ያተርፍላቸዋል? ሥራችን የመቶ ሜትር ሩጫ አይደለም። ዓመቱን በምዕራፍ እንከፋፍል፣ ዕረፍትን እንደ ስንፍና አንቁጠር፣ አንድ ፈተና ላይ ብንሸነፍ ለሚቀጥለው እንዘጋጅ። መንገዱ ሲዘጋም፣ እንደ አበበ፣ ሌላ መንገድ እንፈልግ።