ባርሴሎናን አሳምሮ እንደ ለማኝ የወደቀው አርክቴክት

ፎቶግራፍ ማንሳት ሙያዬ አይደለም። ይሁን እንጂ ለሥራ ወደ ውጭ አገር በወጣሁ ቁጥር ካሜራዬን ከእጄ አልለይም። እ.ኤ.አ. በ2008 ለስብሰባ ወደ ስፔኗ ባርሴሎና በሄድኩ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ስለተረፈኝ፣ ቀኑን ሳግራዳ ፋሚሊያ ለተባለው ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት።

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የተመለስኩት። ሕንፃውን በየት በኩል ባነሳው ክሬን ይገባብኛል። ስምንቱ ማማዎች ከነጌጣቸው ወደ ሰማይ ተመዘው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው ግን የብረት ክንዶች ብቅ ይላሉ። ማታ ሆቴሌ ገብቼ ክሬን የታየባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ሳላያት ያመለጠችኝ አንዷ ብቻ ነበረች።

የሕንፃውን ባለሙያ የአንቶኒ ጋውዲን ታሪክ ያነበብኩት አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አስቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ አንዱንም ፎቶ አልሰርዝም ነበር።

ጋውዲ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1852 በካታሎኒያ ነው። አባቱ መዳብ ቀጥቅጦ ዕቃ የሚሠራ አንጥረኛ ነበር። ልጁ በቁርጥማት ስለሚሰቃይ ከእኩዮቹ ጋር እንደልቡ መሯሯጥ አልቻለም። ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው ዛፉን፣ ቅጠሉንና ቀንድ አውጣውን በመመልከት ነው። በኋላ ሕንፃዎቹ ላይ የምናያቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡ አምዶችና እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠመዘዙ ደረጃዎች ከዚያ ዘመን የተቀዱ ይመስሉኛል።

በባርሴሎና የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ተምሮ በ1878 ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ኤውሴቢ ጉዌል የተባለ ባለጸጋ ኢንዱስትሪያሊስት ወዳጅና ደጋፊ ሆነው። ዛሬ ጎብኚ የሚጋፋበት ፓርክ ጉዌል የዚህ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ሲጀመር ታስቦ የነበረው ግን መናፈሻ አልነበረም፤ ለሀብታሞች 60 ያህል ቤቶች የሚሠሩበት የመኖሪያ መንደር ነበር። ገዢ ጠፋና የተሠሩት ሁለት ቤቶች ብቻ ሆኑ። በስብርባሪ ሴራሚክ ያጌጠው ረጅሙ ጥምዝ መቀመጫ ከዚያ ከከሰረ ዕቅድ የተረፈ ነው።

ካዛ ሚላ የተባለውን የመኖሪያ ሕንፃ የሠራው ከ1906 እስከ 1912 ባለው ጊዜ ነው። የፊት ገጽታው እንደ ባሕር ማዕበል ይወዛወዛል፤ ቀጥ ያለ መስመር አይገኝበትም። ሸክሙን የያዙት አምዶቹ ስለሆኑ ነዋሪው የውስጥ ግድግዳዎቹን እንደፈለገው ማዘዋወር ይችላል። በጊዜው ይህን የተረዳለት ጥቂት ሰው ነው። ጋዜጦች በካርቱን አላገጡበት፤ የከተማው ሰውም ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ነው ሲል ላ ፔድሬራ የሚል ስም አወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ አብሮት አለ።

እንደ እኔ ካሜራ የሚወድ ሰው የሚገረምበት ሌላም ነገር አለ። ጋውዲ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሆኑትን ቅስቶች ቅርጽ ሲፈልግ በወረቀት ብቻ አላሰላም። ገመዶችን ከጣሪያ ላይ አንጠልጥሎ፣ በየቦታው በእርሳስ ብረት እንክብል የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች አሰረባቸው። ገመዶቹ በክብደቱ ተስበው የየራሳቸውን ቅርጽ ያዙ። ያንን በፎቶግራፍ አስነሳና ፎቶውን ገለበጠው። ወደ ታች የተንጠለጠለው ገመድ ሲገለበጥ ክብደቱን በደንብ የሚሸከም ቅስት ይሆናል። በዚህ ዘዴ ዓመታት ለፍቶበት ከቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ የቀረው የምድር ቤቱ ክፍል ብቻ ነው።

ዋናው ሥራው ግን ሳግራዳ ፋሚሊያ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1882 ነው። የመጀመሪያው አርክቴክት ከባለቤቶቹ ጋር ባለመስማማቱ ሲለቅ፣ ጋውዲ በ1883 በ31 ዓመቱ ተረከበው። 43 ዓመት ሠራበት። ከ1914 በኋላ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ትዳር አልያዘም፤ አባቱም አብራው የኖረችው የእህቱ ልጅም ሞተውበት ነበር። ሥራው በምእመናን መዋጮ የሚካሄድ ስለነበር ገንዘብ ሲያልቅ ራሱ እየዞረ ይለምን ነበር። በወጣትነቱ በአለባበሱ የሚታወቀው ሰው የራሱን ልብስ ረሳ።

ጁን 7 ቀን 1926 ወደ ጸሎት ሲሄድ ትራም ገጨው። መታወቂያ በኪሱ አልነበረም። ልብሱ ያረጀ ስለነበር ያዩት ሁሉ ለማኝ መሰላቸው፤ የደረሰለትም የድሆች ሕክምና ነው። ማንነቱ የታወቀው በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ካህን ፈልጎ ሲያገኘው ነበር። ጁን 10 ቀን በ73 ዓመቱ ሞተ። አይተው ያላወቁት የከተማው ሰዎች በብዛት ወጥተው ሸኙት፤ የተቀበረውም በዚያው ባልተጨረሰው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ያኔ ካሰባቸው 18 ማማዎች ተሠርቶ የቆመው አንድ ብቻ ነበር።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ የሥራ ክፍሉ ተቃጠለ፤ የጄሶ ሞዴሎቹም ተሰባበሩ። ተከታዮቹ ስብርባሪውን ለቅመው እየገጣጠሙ ሐሳቡን እንደገና አነበቡት። ውስጡ ተጠናቆ የተባረከው በ2010 ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ መካከለኛው ማማ በጀርመን አገር ያለውን የኡልም ቤተ ክርስቲያን አልፎ ሳግራዳ ፋሚሊያ በዓለም ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የማማው ሙሉ ቁመት እንዲሆን የታቀደው 172.5 ሜትር ነው። ይህም ከከተማዋ ኮረብታ ከሞንትዊክ በጥቂቱ ያንሳል። ጋውዲ የሰው ሥራ ከእግዚአብሔር ሥራ እንዳይበልጥ ብሎ የወሰነው ነው።

ይህን ዜና እንደሰማሁ ያቺን ያመለጠችኝን ፎቶ ፈልጌ አወጣኋት። ስምንቱ ማማዎች አሉ፤ ክሬኖቹም አሉ፤ ዛሬ ትልቁ ማማ የቆመበት ቦታ ግን ባዶ ሰማይ ነው። ያንን ሰማይ ማንም ተመልሶ ሊያነሳው አይችልም። እኔ ንጹሕ ፎቶ ፈልጌ የሰረዝኩት እኮ ሌሎች የእሱን ሥራ ተረክበው ሲሠሩ የሚያሳየውን ነው። አሁን ፎቶዋ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። የሚጎበኙኝ ሰዎች ክሬኑ አበላሸው ይሉኛል። ጊዜ ካላቸው የጋውዲን ታሪክ አጫውታቸዋለሁ።